የአድሚራሉ ካልሲ

አድሚራሉ በደቂቃ ሃያ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን የማውቀው ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ ጧትና ከሰዓት በኋላ፣ ሰዓት ይዤ ፊቱ ቆሜ ስለቆጠርኩ ነው። ዓሣ ሲተነፍስ በጉንጩ በኩል ያለው ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አንድ መክፈትና መዝጋት አንድ ትንፋሽ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ይኸው ነው። በጠባብ ቦታ የሚኖር ትልቅ ዓሣ አተነፋፈሱ ከወቅት ወቅት እንዴት ይለዋወጣል የሚል። ያስደስታል አልልም። ግን ሰባት መቶ ቀን ያህል ቆጥሬአለሁ፤ የሚቀረኝ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ዓሣው ከዚያ በፊት ከሞተ አስተማሪዬ የሚሉኝን አውቀዋለሁ፦ «አዝናለሁ ክሴንያ፣ በሌላ ዓሣ እንደገና ጀምሪ።» ሌላ ዓሣ ደግሞ የለም። የእሱን ዓይነት ማጥመድ በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል።

አድሚራሉ የሚኖረው በዶብራ ቫላ ወደብ ዳር፣ ድሮ የጨው መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ፣ ሰባት ሺህ ሊትር የባሕር ውሃ በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና የክንድ ያህል ሳለ፣ መረብ ውስጥ ገባ። ያጠመዱት ሰዎች ሊጠብሱት ቢላዋ ሲያነሱ ቀና ብሎ አያቸውና አፈሩ ይባላል። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ፊት የወጣ ነው፤ ሰላምታ የነፈጉት የባሕር ኃይል ሹም ይመስላል። ስሙንም ያገኘው በዚያ ነው። ዛሬ ሠላሳ ኪሎ ይመዝናል፤ ከተማውም በሙሉ አድሚራሉ በስም ያውቀኛል ብሎ ይምላል።

ባሕሩ ከገንዳው አሥር እርምጃ ላይ ነው። ታዲያ ለምን ከዚያ አትቀዱም የሚል ሰው በቀን አንድ አይጠፋም። ግዙፎቹ የሽርሽር መርከቦች እዚያ መቆም ከጀመሩ ወዲህ የወደቡ ውሃ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ንጹሑን ውሃ ከባሕረ ሰላጤው መሃል በበርሜል እናስመጣለን፤ ያውም በወር ሁለት ጊዜ፣ ያውም ጀልባ ነጂው ደስ ሲለው። በመካከሉ ገንዳውን የሚያጸዳው ማጣሪያው ነው። የሟሟውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ክፍል ደህና ነበር። ጉድፉን የሚይዘው ክፍል ግን በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን ተንኳኳ፣ ሸተተ፣ ቆመ።

በሦስት ቀን ውስጥ ውሃው እንደ አጓት ሆነ። አድሚራሉ በደቂቃ ሠላሳ አንድ መተንፈስ ጀመረ። ከውሃው አንድ ማንኪያ ጨልፌ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የዳቦ ፍርፋሪ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ጮማ፣ የበለስ ፍሬ። አንዱን ነጭ ነገር ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የሠርግ ኬክ ክሬም ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። የአድሚራሉ ቤት ደግሞ ቤት ነው። «ዓሣውን መመገብ ክልክል ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በጣልያንኛ ጽፌ ሰቅዬ ነበር፤ የአገሬ ሰው «ደግ አደረግሽ፣ እነዚህ ቱሪስቶች ያገኙትን ይወረውራሉ» እያለ ዳቦውን ይቆርስለታል። በራሳችን ቋንቋ ስጽፈው ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ላሉት የተጻፈ መሰላቸው። በጽሑፉ ሥር ወንበር ዘርግቶ የሚውለው ባርባ ሉኮ የተባለው ዘበኛ ነው፤ ባርባ በባሕሩ ዳር ሽማግሌን ሁሉ የምንጠራበት ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ቱሪስቱን ያስከፍላል፣ የከተማውን ሰው በነጻ ያስገባል። ረፋድ ላይ ከምሳ ዕቃው ግማሹን ወደ ገንዳው ሲያራግፍ ያዝኩትና አንተም ትመግበዋለህ ወይ አልኩት።

«እኔ አልመግበውም» አለኝ ተቀይሞ። «አብረን ነው የምንበላው።»

ስለ ማጣሪያ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማጣሪያ ቆሻሻን አያጠፋም፤ ይይዘዋል። ከያዘው በኋላ ሳይበሰብስ አንድ ሰው ማውጣት አለበት። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ማጣሪያ ይሻላል አይደለም፤ ማን ያወጣዋል ነው። እኔ የመረጥኩት ከሁሉም ቀላሉን ነበር፦ ውሃ ከሚያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ የተሰፋ፣ በውሃ መውረጃው አፍ ላይ የሚታሰር ረጅም ከረጢት። ውሃው ያልፋል፣ ጉድፉ ይቀራል። በየሁለት ቀኑ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይታሰራል። የዓለም ትልልቅ አኳሪየሞች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ቅርጹን ያየ ሁሉ የሚጠራው በአንድ ስም ነው፤ ካልሲ።

ከንቲባችን ብላዦ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢ ተመረጠ። በሁለተኛው ስብሰባ የመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጸደቀ፤ ከዚያ ሙቀቱ በረታና ተበተኑ። አድሚራሉ ሠላሳ አራት ደርሶ ነበር። በሦስተኛው ስብሰባ ባለሙያ ተጋበዘ። ባለሙያው ትሪፖ ነው። ትሪፖ የመዋኛ ገንዳ ይሸጣል፤ ነጭ ሱሪ ይለብሳል፤ ሲቀመጥ እንዳይጨማደድበት ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። የከንቲባውን ሁለቱን ሴት ልጆች ክርስትና ያነሳውም እሱ ነው። አበልጅነት እኛ ዘንድ ከሥጋ ዝምድና ይበልጣል፤ ከወንድምህ ጋር ተጣልተህ ሃያ ዓመት ብትኖር ማንም አይገረምም፤ አበልጅህን እምቢ ካልክ ግን ቤትህን ሸጠህ ሌላ አገር ብትሄድ ይሻልሃል።

ትሪፖ ያመጣው ሥዕል የአንድ ሰው ቁመት ያለው ሰማያዊ በርሜል ያሳያል። ውስጡ አሸዋ ነው፤ ውሃው በአሸዋው መሃል ያልፋል። ከላዩ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ሲጫን በርሜሉ ራሱን በራሱ ያጥባል። ይህን ሲናገር አምስቱ የኮሚቴ አባላት በአንድ ላይ ቀና አሉ። ስለ ስንፍናችን ራሳችን የምናወራው ቀልድ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ሰዎቹ ፊት ላይ እውነተኛ ፍቅር አየሁ።

ተራዬ ሲደርስ ያመጣሁትን ከረጢት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አሠራሩን አስረዳሁ። ከንቲባው በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄ ካልሲ ነው» አለ።

«እንደዚያ ይሉታል።»

«ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብለን ልንጽፈው ነው? የዶብራ ቫላ አድሚራል በካልሲ ይተነፍሳል?»

አንዱ የኮሚቴ አባል የመርከብ ካፒቴን የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ። ማን ያጥበዋል አለ። ማንም ማንንም አላየም። ቀጥሎ ሁሉም እኔን አዩኝ። ሁለት ወር አይሞላም፣ እጄ አይሰበርም፤ እሺ እኔ አጥበዋለሁ አልኩ። ያልጠበቅሁት ነገር ተከተለ፤ ተቆጡ። ዩኒቨርሲቲ የበጠሰች ልጅ ወደብ ዳር፣ ቱሪስት እያየ፣ ካልሲ ስታጥብ? ከተማው ሰው የለውም ወይ? አባትሽስ ምን ይለናል? ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጋዜጣውን ሳያወርድ እውነታቸውን ነው አለ።

በራሴ ገዝቼ በራሴ አሰርኩት። በማግስቱ ጧት ስመጣ ባርባ ሉኮ ከረጢቱን ፈትቶ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ አራት አጥፎ ሰጠኝ። «ልጄ፣ ዕቃ ረስተሽ ነበር» አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ አሰርኩት፤ ያን ጊዜ ከከንቲባው ቢሮ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ ማንም ሰው በአድሚራሉ ገንዳ ላይ ምንም ዓይነት የልብስ ዓይነት እንዳያኖር ይላል። ሠላሳ ስምንት።

ኮሚቴው ለበርሜሉ ወሰነ። ተከላው የጀልባ ሰልፍ በሚደረግበት በነሐሴ ቅዳሜ፣ እንግዶች ባሉበት፣ ሪባን ተቆርጦ እንዲሆን ተባለ። እኔ የዋስትናውን ወረቀት ለምኜ ወሰድኩና ማንም ያላነበበውን ሁለተኛ ገጽ አነበብኩት። ከበርሜሉ ጋር አንድ ትንሽ ሳጥን አብራ ትመጣለች፤ በየሰዓቱ ውሃው ውስጥ ክሎሪን ትጨምራለች። ሳጥኗ ካልሠራች ዋስትናው አይጸናም ይላል። ክሎሪን ለመዋኛ ገንዳ መልካም ነው። አድሚራሉን ግን ከጧት እስከ ማታ አያደርሰውም። በቀጥታ ወደ ትሪፖ ሱቅ ሄድኩ።

«እኔ በሸጥኳቸው ገንዳዎች ውስጥ ሕፃናት ይዋኛሉ» አለኝ። «እስካሁን አንድም አልሞተ።»

«ሕፃናቱ ውሃውን አይተነፍሱትም፣ አቶ ትሪፖ።»

«ይጠጡታል እኮ። የኔ ልጅ ጥርሱ የነጣው በዚያ ነው።»

ሳጥኗን ይተዋት ብዬ ለመንኩት። ያለ ሳጥኗ ዋስትና መስጠት አልችልም አለ፤ ያለ ዋስትና ደግሞ ከተማው በርሜሉን መቀበል አይችልም፤ ስለዚህ ዓሣው ከነዋስትናው ይሞታል ማለት ነው። ይህን ለከንቲባው ስነግረው በሩን ዘጋ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አምንሻለሁ አለኝ። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለብቻው ሲሆን ያምነኛል።

«ታዲያ ይከልክሉት» አልኩ።

«ልጆቼን ክርስትና ያነሳልኝን ሰው?» አለኝ። በጣም አዘነልኝ፤ ያዘነልኝ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መሆኔን አይቶ ነው። «ዓሣ ሌላ ይገኛል፣ ክሴንያ። አበልጅ ከየት ይገኛል?»

ለዋና ከተማው ጋዜጣ እጽፋለሁ ብዬ ወጣሁ። የዶብራ ቫላ ወሬ በእግሩ አይሄድም፣ ይበራል። እኔ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትሪፖ በነጭ ሱሪው፣ የወይን አረቄ ጠርሙስ ይዞ፣ ቤታችን መጣ። እናቴ የደረቀውን ሥጋና አይቡን ስታቀርብ ሱሪውን ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ ተቀመጠ። ስለ ማጣሪያ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አዲስ ጀልባ ገዝቻለሁ አለ። በሰልፉ ቀን ወደ ውሃ ትገባለች፤ ጠርሙስ የምትሰብርላት የክርስትና እናት ትፈልጋለች፤ አስቤ አስቤ ከክሴንያ የተሻለ አላገኘሁም አለ። ለጀልባ ክርስትና እናት ሁኚ የተባለች ሴት እምቢ ብላ አታውቅም። ብትልማ ባለ ጀልባው ባሕር ላይ የሚደርስበት ሁሉ በእሷ ይላከካል። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ ተነስቶ አቅፎት ነበር።

ሰውየው ሞኝ አይደለም። የጀልባዋ ክርስትና እናት የባለ ጀልባው አበልጅ ናት፤ አበልጅ ደግሞ በአበልጁ ላይ ጋዜጣ አይጽፍም። «ከእንግዲህ አንቱ የለም» አለኝ ሲወጣ። «አበልጅ አንቱ አይባልም።» የጻፍኳትን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሰረዝኳት።

ሰልፉ ሦስት ቀን ሲቀረው አድሚራሉ አርባ አራት ነበር። ጥግ ይዞ አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ የሚወረውሩለትንም አይነካም። ሰዎቹ አለመብላቱን ሲያዩ አዘኑና የሚጣፍጥ ነገር ማምጣት ጀመሩ። እኔ ቆጥሬ ጨርሼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ባርባ ሉኮ ቲማቲም እየላጠ አጠገቤ መጣ። እንዴት እንደታሰርኩ ሰምቶ ነበር፤ ሁሉም ሰምቷል።

«አስሮሻል» አለኝ። «እሱስ?»

«እሱ ምን?»

«ገመድ ሁለት ጫፍ የለውም? ጠርሙሱን ከሰበርሽ በኋላ አንድ ነገር ትለምኝው የለ? ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የወንድሟን ጀልባ ስትባርክ የጥርስ ሀኪም ዋጋ ለምናለች። ሰጥቷታል።»

ረስቼው ነበር። የጀልባ ክርስትና እናት ጠርሙሱ እንደተሰበረ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ አንድ ልመና ትለምናለች፤ ባለ ጀልባውም ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ዓሣ ወይም በደሴቶቹ ዙሪያ አንድ ሽርሽር ይለመናል። አንድ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩ። በርሜሉን ውሰደው ካልኩት ሰደብሽኝ ይላል፤ ከተማውም ከእሱ ጋር ይሆናል። ሳጥኗን አውጣት ካልኩት አሸዋው የያዘው ቆሻሻ በስብሶ ዓሣውን ይገድለዋል። ካልሲውን ፍቀድ ካልኩት ሳጥኗ እዚያው ትቀራለች። በአንዷ ልመና አንዱን ቀዳዳ ብደፍን ሌላው ያፈሳል።

ቅዳሜ ጧት አርባ ሰባት ቆጠርኩ። በርሜሉ መጋዘኑ ውስጥ ከነሪባኑ ቆሟል፤ ሳጥኗም ከጎኑ፣ ካርቶኗ ውስጥ። ጀልባዎቹ በአበባና በቀለም ወረቀት አጊጠው ወደቡን ሞልተውታል። የትሪፖ ጀልባ ነጭ ናት፤ አፍንጫዋ ላይ የወይን ጠጅ ጠርሙስ በገመድ ተንጠልጥሏል። ስወረውረው አልተሰበረም። ሁለተኛ ወረወርኩ፣ ነጠረ። ትሪፖ ላብ በላብ ሆነ፤ በሦስተኛውም ካልተሰበረ ገደቢስ ናት ተብሎ ጀልባዋን የሚገዛው አያገኝም። በሦስተኛው በሙሉ ጉልበቴ ስወረውር ተሰበረ፤ ግማሹ ወይን ሱሪው ላይ ሄደ። ከደስታው ብዛት ሱሪውን አላየውም።

«ለምኚኝ አበልጄ!» አለ ጮክ ብሎ። «ጨረቃን ብትይ ወጥቼ አወርዳታለሁ።»

«ጨረቃ ምን ታደርግልኛለች» አልኩት። «አድሚራሉን እስከ መስከረም መጨረሻ በሕይወት አቆይልኝ።»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ትሪፖም ሳቀ፤ ቀላል ነገር የተለመነ መስሎት በባሕረኞች ጠባቂ በቅዱስ ኒኮላስ ማለ፤ በልጁ ራስ ማለ፤ በጀልባዋ ማለ። ከንቲባውን፣ ካፒቴኑን፣ ባርባ ሉኮንም ምስክር ጠራ። ካህኑ አሜን አለ። ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ፤ ሕዝቡም ሪባን ሊያይ ወደ መጋዘኑ ማምራት ጀመረ። ትሪፖ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ አስቀረኝ። ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ያ የክሎሪን ነገር» አለኝ በሹክሹክታ። «የምርሽን ነበር?»

«የምሬን ነበር።»

«በስንት ቀን ይሞታል?»

«ዛሬ ከከፈትካት ዛሬ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የዓሣው መሞት አለመሞት የሐሳብ ልዩነት ነበር፤ እኔ አንድ ሐሳብ ነበረኝ፣ እሱ ሌላ። አሁን የስም ጉዳይ ሆነ። ሁለት ዓመት ያጠናሁት ሳይንስ ያላሳመነውን ሰው አንድ መሐላ በግማሽ ደቂቃ አሳመነው። እየሮጠ ቀድሞኝ ገባ። ከንቲባው መቀሱን እንደያዘ፣ ትሪፖ የክሎሪን ሳጥኗን ከነካርቶኗ ብብቱ ሥር አድርጎ ሲወጣ አየሁት። ዋስትናውስ ብሎ ካፒቴኑ ሲጠይቀው፣ ዋስትናው እኔ ነኝ አለ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ በርሜሉ ጎርነን ባለ ድምፅ ማጉረምረም ጀመረ፤ ተጨበጨበ።

ሰኞ ጧት ትሪፖ ከእኔ ቀድሞ መጋዘኑ ደርሶ ነበር። የራሴን ሰዓት ወስዶ ራሱ ቆጠረ። አርባ ስምንት ሲሆንበት ጠራኝ።

«ያቺን ካልሲሽን አምጪያት» አለ።

«ማን ያጥባታል?»

ከረጢቱን ራሱ አሰረው። ረቡዕ ራሱ ፈታው። ለሠራተኞቹ እንዳይሰጥ ሰነፍ ናቸው፣ ለእኔ እንዳይሰጥ ያፍራል፤ የማለው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው ትልቁ የመዋኛ ገንዳ ነጋዴ ወደብ ዳር፣ ነጩን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የሽርሽር መርከብ ሙሉ ጀርመኖች እያዩት፣ ካልሲ አጠበ። አንዲት ሴትዮ ፎቶ አነሳችው። ከተማው ላይ የደረሰ ውርደት የለም። የዚያች ያጌጠች ጀልባውም የመጀመሪያ ጭነቷ ስምንት በርሜል ውሃ ሆነ፤ ከባሕረ ሰላጤው መሃል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ።

ነገሩን የለወጠው ግን ማጠቡ አይደለም፤ የሚያጥብ ሰው የሚያጥበውን ያያል። እኔ በአጉሊ መነጽር «የአሳማ ጮማ» ብዬ የጻፍኩትን ትሪፖ በእጁ ይዞ፣ አሽትቶ፣ የማን ቤት እንደሆነ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ሥጋ በጭስ የሚያደርቅ ቤት ሁሉ የራሱ እንጨት አለው፤ ሽታው እንደ ፊርማ ነው። አርብ ዕለት አንዱን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ከንቲባው ቢሮ ገባ። ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ብዙ አልተናገረም።

«አበልጄ፣ ይሄ ያንተ የቢች ዛፍ ጭስ ነው።»

ከንቲባው ካደ። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ። ቀጥሎ ለበዓል ነው አለ። ትሪፖ ልጆችህን ክርስትና ያነሳሁ ሰው መሐላዬን ልታፈርስብኝ ነው ወይ ሲለው ከንቲባው ወረቀቱን አጣጥፎ እሺ አለ፤ አበልጅን እምቢ ማለት አይቻልምና። ካፒቴኑ በገንፎው ተያዘ። የሠርግ ኬኩ ባለቤቶች በከተማው መሃል መንገድ ቆመው ተወቀሱ። ባርባ ሉኮ ለብቻው እንዲበላ ተፈረደበት፤ አንድ ሳምንት ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። አንድ ጧት ትሪፖ ከካልሲው ውስጥ የበለስ ፍሬ የተጣበቀበት የኬክ ቁራጭ አወጣ፤ ቀመሰው ማለት ይቻላል፣ እስከ ከንፈሩ አድርሶታል። የእናቱ ነበር። የሰማንያ አራት ዓመቷን እናቱን መጋዘኑ በር ላይ ቦርሳዋን ሲፈትሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ሦስት ቋንቋ ጽፌ፣ አራተኛ ጨምሬ ያላቆምኩት ነገር በአሥር ቀን ቆመ። አርባ አንድ። ሠላሳ ሦስት። ሃያ ስምንት። በነሐሴ መጨረሻ ከገንዳው ወዲህ ቆሞ ከገንዳው ወዲያ ያለውን ግድግዳ ማየት ተቻለ። አድሚራሉ ከጥጉ ወጥቶ መሃል ላይ ቆመ፤ ከንፈሩን እንደ ድሮው አውጥቶ ሁሉንም ናቀ። በርሜሉ ጎኑ ላይ ያጉረመርማል። ካልሲውን አልፎ ወደ እሱ የሚደርሰው ውሃ ንጹሕ ስለሆነ የሚይዘው የለም። እንግዳ ሲመጣ ከንቲባው ቀዩን ቁልፍ ይጫናል፤ በርሜሉም ንጹሑን አሸዋ ያጥባል።

መስከረም ሠላሳ ቀን የመጨረሻዬን ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት። ዝርዝሩ ተሟላ። ሠላሳ አምስቱ መጥፎ ቀናት ጭምር ጥናቱ ውስጥ ገቡ፤ አስተማሪዬ ከሁሉም የወደዱት ያንን ምዕራፍ ነው። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ውሃው የጠራው በአሸዋ ማጣሪያው ብቃት ነው ይላል፤ ትሪፖም ሱቁ ላይ «አድሚራሉን ያዳነው ማጣሪያ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ሰቅሏል። በዚያ ሳምንት አራት በርሜል ሸጠ። እውነቱን ለመጻፍ ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ፤ የጀልባው ክርስትና እናት ነኝ። በጥናቴ የምስጋና ገጽ ላይም ስሙ ከአስተማሪዬ ቀጥሎ አለ።

መስከረም ሠላሳ ዕለት ዕቃዬን እየጠቀለልኩ ሳለ ትሪፖ መጣ። ስንት ነው አለኝ፤ ሃያ ስድስት አልኩት። መሐላው አለቀ። ካልሲውን ለመጨረሻ ጊዜ አጥቦ፣ ጠምዝዞ፣ ሰቀለው፤ ሱሪውን አወረደ፤ ባርባ ሉኮን ጨብጦ እንደ ተፈታ እስረኛ እያፏጨ ሄደ። ከነገ ጀምሮ ማን ያጥባል የሚለውን እንዲወስን ከንቲባው አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢ መርጠዋል።

በሁለተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ወደ አውቶቡስ ስሄድ በወደቡ በኩል አለፍኩ። ትሪፖ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተሰብስቦ፣ ካልሲውን እያሸ ነበር። ሲያየኝ የሆነ ነገር እንደሰረቀ ሰው ደነገጠ።

«እስኪወስኑ ድረስ ነው» አለኝ።

እነሆ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።